ሰሚ የሌለው ሬዲዮ

እሪታ ሕግ አለው። ይሄን የነገረችኝ አያቴ ናት፤ ወግዲ፣ ቤቷ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ወደ አባይ የሚወርደውን ቆላ በአገጯ እየጠቆመች።

«እሪታ የሰማ ሰው የያዘውን ጥሎ ነው የሚሮጥ» አለችኝ። «ሞፈር የያዘ ሞፈሩን፣ ሊጥ የያዘችም ሊጧን። ሰምቶ የቀረ፣ የሱም ቀን ሲመጣ የሚደርስለት አያገኝም። ያለ ነገር እሪ ያለ ደግሞ ሁለተኛ ሲጮህ ማንም አይወጣለትም።»

ይሄን ስንጫወት አጎቴ ከጎናችን ነበር። በወጣትነቱ በተነፋ ቆዳ እየተንሳፈፈ አባይን ተሻግሮ ጎጃም ገበያ የሄደ ሰው ነው። ወረዳችን በምዕራብ በኩል የሚያበቃው አባይ ላይ ነው፤ ማዶው ምሥራቅ ጎጃም ነው። ዛሬ ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም የሚያሻግር የመኪና ድልድይ አለ፤ ያኔ ግን የሚያሻግረው ዋናና የእግዜር ቸርነት ነበር። አጎቴ የእናቱን ነገር በአክብሮት ካስጨረሰ በኋላ እንዲህ አለ፤ «እሱ ደጋ ላይ ነው እናቴ። አባይ ሲሞላ እሪታም አይሻገር። ከዚህ ሆነሽ ብትጮሂ ከማዶ ያለው ሰው አፍሽ ሲከፈት ነው እንጂ ድምፅሽን አይሰማም።»

አፍ ሲከፈት እየታየ ድምፅ የማይሰማበት ቦታ! ይቺ ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋ ብላ ነው ዛሬ ስለ ጀልባ ሬዲዮ ልጽፍ የተነሳሁት።

አዎ፣ ስለ ጀልባ ሬዲዮ። «ወደብ የሌለው አገር ልጅ፣ ያውም የወግዲ ልጅ፣ ስለ ጀልባ ሬዲዮ ምን አገባት?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እስቲ ታገሱኝ። ጣና ላይ፣ አባያና ጫሞ ላይ፣ ሐዋሳና ዝዋይ ላይ፣ እዚሁ ወሎ ሐይቅ ላይ፣ አሁን ደግሞ ህዳሴ ግድብ በፈጠረው ሰፊ ውሃ ላይ በጀልባ የሚሄድ ወገን አለን። ከዚህ ሁሉ የሚብሰውን ደግሞ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

የጣናው ከሰዓት

ትምህርት በጨረስንበት ዓመት ከጓደኞቼ ጋር ባሕር ዳር ሄድን። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት ስለማይገባ እኛ ሴቶቹ ደቅ ደሴት ያለውን ናርጋ ሥላሴን ለማየት ወሰንን (እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ማለት ነው)። ጠዋት ውሃው እንደ መስታወት ነበር። ሲመለሱ ነው ነገሩ የተበላሸው። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል፤ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል፤ እኛ ግን አናውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ጸጥ አለ።

ነጂው ሞተሩን ፈታ፣ ገጠመ፣ ሞባይሉን አወጣ። ኔትወርክ የለም። የሁላችንም ስልክ እጃችን ላይ ተደረደረ፤ አንዱ አንድ መስመር ያሳያል፣ ሲደወል ይጠፋል። ማዕበሉ ጀልባዋን ወደ ጎን ያንገላታታል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሰባታችን ለአራታችን ብቻ ነበር። ነጂው ጋቢውን አንስቶ እንደ ባንዲራ ሲያውለበልብ ቆየ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ያየን ታንኳ የሚቀዝፍ አንድ ሽማግሌ ነበር። ከደንገል የተሠራች ታንኳ ላይ ያለ ሰው የሞተር ጀልባን አዳነ ብላችሁ ታምናላችሁ? እሱ ሄዶ ለሌላ ጀልባ ነገረ፣ ያ ጀልባ መጥቶ ጎተተን።

ስንወርድ ነጂውን ጠየቅኩት፤ «ጋሼ፣ ለምን የመገናኛ ሬዲዮ አትይዙም?» ሳቀብኝ። «ልጄ፣ ያንን ይዤ ብገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጀልባዬ ስለመስጠሟ አይደለም። አንተ ማነህ ነው የሚሉኝ።»

መልሱን ያኔ እንደ ቀልድ ነው የወሰድኩት። በኋላ ግን ሕጉን ሳነብ ሰውየው እንዳልቀለደ ገባኝ።

ይሄ ሬዲዮ ምንድነው?

ባሕረኞች የሚጠቀሙበት ቪኤችኤፍ የሚባል የመገናኛ ሬዲዮ አለ። በእጅ የሚያዘው ዓይነት መልኩ ከዎኪ ቶኪ አይለይም። ከሞባይል የሚለየው በአንድ ትልቅ ነገር ነው፤ ሞባይል የሚጠራው አንድ ሰው ነው፣ ሬዲዮው ግን ድምፁ በሚደርስበት ዙሪያ ያለውን ሁሉ ይጠራል። የኔትወርክ ማማም አይፈልግም፤ ከጀልባ ጀልባ በቀጥታ ይሄዳል።

ከቻናሎቹ ውስጥ 16ኛው (156.8 ሜጋኸርዝ) በመላው ዓለም ለጭንቅ ጥሪ የተለየ ነው። እየሰጠመ ያለ ሰው እዚያ ላይ «ሜይዴይ» እያለ ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛው «እርዱኝ» ነው። ከዚያ የጀልባውን ስም፣ ያለበትን ቦታ፣ የደረሰበትንና የተሳፋሪውን ብዛት ይናገራል። የቻናሉ ሕግ ጥብቅ ነው፦ ወሬ አይወራበትም፤ የሐሰት ጥሪ ያስቀጣል፤ ጥሪ የሰማና መርዳት የሚችል ይደርሳል፤ ጠሪው መልስ ካላገኘ የሰማው ሰው ጥሪውን ለሌሎች ያቀባብላል።

ልብ በሉ! አያቴ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ የነገረችኝ ይሄንኑ ነው። የሰማ ይሮጣል፣ ያለ ነገር የጮኸ ይቀጣል። ዓለም በስምምነትና በፊርማ የደረሰበትን ሕግ የእኛ ገበሬ ያለ ባትሪ ሲሠራበት ኖሯል።

ታዲያ ፈቃዱስ? በዓለም አቀፉ ደንብ ሦስት ነገሮች ይጠየቃሉ። አንደኛ፣ መሣሪያው ደረጃውን የጠበቀ መሆኑ። ሁለተኛ፣ ጀልባው የሬዲዮ ጣቢያ ፈቃድና መጠሪያ ማግኘቱ። ሦስተኛ፣ የሚናገርበት ሰው አጭር ሥልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀት መያዙ። ዘመናዊዎቹ ሬዲዮኖች ቀይ የጭንቅ ቁልፍ አላቸው፤ ሲጫን በቻናል 70 በኩል ባለ 9 አሃዝ የጀልባውን መለያ ቁጥር ይልካል፤ የቦታ መጠቆሚያ ካለው ያለበትንም ጭምር። የየአገሩ ቁጥር በራሱ መነሻ ይጀምራል፤ የኢትዮጵያ 624 ነው። አዎ፣ ወደብ የለንም እንጂ ቁጥርስ አለን!

የፈቃዱ ጥቅም ታዲያ ምንድነው? ቁጥሩ ሲደርሰው የሚሰማው ሰው መዝገቡን ገልጦ «ይቺ የእገሌ ጀልባ ናት፣ ነጭ ቀለም ናት፣ 12 ሰው ትይዛለች፣ የቤተሰቡ ስልክ ይሄ ነው» እንዲል ነው። ፈቃዱ የተፈጠረው ሰውየውን ለመጠርጠር ሳይሆን ለማግኘት ነው። እንግሊዝ አገር የጀልባ ሬዲዮ ፈቃድ በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል፤ ሥልጠናውን ግን አይምሩም። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ በአገር ውስጥ ውሃ ላይ የሚሄዱ ትናንሽ የመዝናኛ ጀልባዎችን ለቪኤችኤፍ ፈቃድ አውጡ አትልም። ሁለቱም አገር ለደህንነቱ የማይጨነቅ ሆኖ አይደለም።

የተኛው ሬዲዮኛ

ሬዲዮ ብቻውን ግን ማንንም አያድንም። ለዚህ ምስክሯ ታይታኒክ ናት።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1912 ታይታኒክ ከበረዶ ተራራ ጋር ስትጋጭ ሬዲዮ ነበራት፤ ጥሪዋንም አሰማች። ብዙም ሳትርቅ ካሊፎርኒያን የምትባል መርከብ ቆማ ነበር። እሷም ሬዲዮ ነበራት። ነገር ግን የነበራት አንድ ሬዲዮኛ ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ግጭቱ ከመድረሱ ጥቂት ደቂቃ በፊት መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። ጥሪውን የሰማችው ካርፓቲያ ከሩቅ እየከነፈች መጥታ 700 ያህል ሰው አነሳች። 1,500 ያህሉ ግን አለቀ። ከዚያ በኋላ ነው አሜሪካ በዚያው ዓመት፣ ዓለም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1914ቱ የባሕር ደህንነት ስምምነት፣ መርከቦች ሌሊትም ቀንም አድማጭ እንዲኖራቸው ወደ ማስገደድ የሄዱት።

እኔ ከዚህ ታሪክ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። የሬዲዮ ሕግ ሲጻፍ «ማን ይናገር?» ከሚለው እኩል «ማን ይስማ?» መባል አለበት። የእኛ ሕግ የመጀመሪያውን ጥያቄ አጥብቆ ይጠይቃል። ሁለተኛውን ረስቶታል።

የእኛ ነገር

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ (ቁጥር 761/2004) የቴሌኮም መሣሪያ ያለ ፈቃድ አገር ውስጥ ላስገባ ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል። ያለ ፈቃድ ይዞ ለተገኘ ወይም ለተጠቀመ ደግሞ ከ1 እስከ 4 ዓመት። እንግዲህ የጣናው ነጂያችን ያለ ፈቃድ ሬዲዮ ቢይዝ ምን ሊጠብቀው እንደሚችል አስቡት። ነፍሱንና ሰባት ሰው ለማዳን የያዘው ነገር፣ ከቴሌኮም አጭበርባሪ ጋር አንድ መዝገብ ላይ ያስቀምጠዋል።

በ2011 ዓ.ም. በወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ (ቁጥር 1148/2011) መሠረት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የሬዲዮ ሞገድ መፍቀድ የእሱ ሥራ ሆነ። የመርከብና የጀልባ ጉዳይ ደግሞ የሚነሳው በማሪታይም መሥሪያ ቤት በኩል ነው። ጸጥታው የሌላ ነው፣ ቀረጡ የሌላ ነው፣ ክልሉም የራሱ ድርሻ አለው። ሁለት ጀልባ ያለው የሐይቅ ዳር ሰው ይሄን ሁሉ ደጅ ጠንቶ ሬዲዮ ይይዛል ብሎ መጠበቅ አባይን በጭልፋ እንደመቅዳት ነው። ስለዚህ ምን ያደርጋል? ምንም። ጋቢውን ያውለበልባል።

የሚገርመው ይሄ የሚሆነው መርከብ የማያውቅ አገር ላይ አለመሆኑ ነው። ባሕር ዳር ላይ የመርከብ ባለሙያ አሠልጥነን የዓለም መርከቦች ላይ እንዲሠሩ የምንልክ ሰዎች ነን። በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ 2 ከጅቡቲ ተነስታ በተሳቢ አገር አቋርጣ ስትመጣ ሕዝቡ መንገድ ላይ ወጥቶ እንደ ሙሽራ ሲቀበላት አይተናል። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ትልቋን መርከብ እንዲህ ከተቀበልን ለትንሿ ጀልባ አንድ ቻናል መክፈት ምን ያቅተናል?

«ጸጥታስ?»

ይሄን ጥያቄ መሸሽ አልፈልግም። ክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ያለበትን ሁኔታ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የመገናኛ ሬዲዮ የጦር ሜዳ መሣሪያም ነው። ባለሥልጣኑ «ለጀልባ ብዬ የሰጠሁት ሬዲዮ ለሌላ ቢውልስ?» ብሎ ቢፈራ ከሜዳ ተነስቶ አይደለም።

ነገር ግን ቻናል 16 ምስጢር የሚወራበት አይደለም። ክፍት ነው። የፈለገ ሁሉ ይሰማዋል፤ ፖሊሱም፣ ወታደሩም፣ መነኩሴውም፣ ዓሣ አስጋሪውም። ተንኮል ያሰበ ሰው ገበያ መሃል ቆሞ በጩኸት አይዶልትም። እንዲያውም የተመዘገበ ሬዲዮ ከማይታወቅ ሬዲዮ ለጸጥታው ይሻላል፤ ባለቤቱ ይታወቃል፣ ቁጥሩ ይታወቃል፣ ውሃው ላይ እንግዳ ነገር ያየም ይናገርበታል።

«ሞባይል አለ አይደል?» የሚልም አለ። የጣናውን ነግሬያችኋለሁ። በዚያ ላይ ሐምሌ 2015 አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። የሰው ነፍስ በአንድ ገመድ ብቻ አይንጠለጠልም።

ከጎረቤት እንማር ካልን ደግሞ ቪክቶሪያ ሐይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 ኤምቪ ቡኮባ ስትሰጥም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። በ2018 ኤምቪ ኒየሬሬ ዳርቻ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ተገልብጣ ከ220 በላይ ሰው ሞተ። ኡጋንዳና ታንዛኒያ በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ የሐይቁን የመገናኛና የነፍስ አድን ሥራ ለማጠናከር፣ ምዋንዛ ላይም የነፍስ አድን ማስተባበሪያ ማዕከል ለማቋቋም ፕሮጀክት የጀመሩት የቡኮባን ሬሳ ከቆጠሩ በኋላ ነው። እኛ ሳንቆጥር ብንጀምርስ?

ጀልባው የማይመዘገበው ወገን

አሁን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ ወዳልኩት ልምጣ።

ከወሎ ገጠር የወጡ ልጆች የሚሳፈሩበት ትልቁ ውሃ ጣና አይደለም። ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. 260 ያህል ሶማሊያውያንና ኢትዮጵያውያን ያሳፈረች ጀልባ የመን ዳርቻ ላይ ሰጥማ፣ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በመጀመሪያው ሪፖርቱ ቢያንስ 49 ሰዎች ሞተው 140 የገቡበት እንዳልታወቀ ገለጸ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ አብያን በምትባለው የየመን ግዛት ከ150 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን፣ የተሳፈሩባት ጀልባ ሰጥማ ከ60 በላይ ሰው ሞተ። ያኔ ቀብር ሳይኖር ለቅሶ የተቀመጠ ቤት ስንት ነው!

በዚያ ባሕር ላይ የንግድ መርከቦች ይመላለሳሉ። ሕጉ ያስገድዳቸዋል፤ ቻናል 16ን ያዳምጣሉ፤ የሰመጠ ሰው ድምፅ ከሰሙ የመድረስ ግዴታ አለባቸው። ሰሚው አለ። የሌለው ድምፅ ነው። ደላላው ለሬዲዮ አያወጣም፤ ቢኖረውም አይጠራበትም፤ እንዳይያዝ ሰውን ውሃ ውስጥ ገፍትሮ የሚመለስ አለና።

እዚህ ላይ የፈቃድ ሕግ ምንም አያደርግም፤ አልዋሽም። ሕገወጥ ጀልባ ፈቃድ አያወጣም። ነገር ግን ይሄን የምጽፈው አንድም ለዚህ ነው፤ ልጅ ሊሄድ ሲነሳ ቤተሰብ የሚጠይቀው «ስንት ብር ነው?» የሚለውን ነው። «ጀልባው ምን ያህል ሰው ይጭናል? ጃኬት አለው? ሬዲዮ አለው? ቢሰጥም ለማን ይጮሃል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሕጋዊ ጀልባ ምን መያዝ እንዳለበት አይቶ የማያውቅ ሕዝብ፣ ሕገወጡ ምን እንደጎደለው በምን ያውቃል? ጣና ላይ እያንዳንዷ ጀልባ ሬዲዮ ብትይዝ፣ ሐይቅ ላይ ልጆች «ቻናል 16» ሲባል ቢሰሙ ኖሮ፣ ቢያንስ ጥያቄው ይኖረን ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም።

አንደኛ፣ ለጀልባ ደህንነት የሚውል ሬዲዮ ከሌላው የመገናኛ መሣሪያ ተለይቶ ይታይ። አዋጅ 761 ራሱ ፈቃድ የማያስፈልጋቸውን መሣሪያዎች መለየት የሚቻልበትን በር ትቷል። በሩ ይከፈት።

ሁለተኛ፣ ጀልባው በተመዘገበበት መስኮት ሬዲዮውም ይመዝገብ። አንድ ቅጽ፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ቀን። ውስጥ ለውስጥ መሥሪያ ቤቶቹ ይጻጻፉ፤ የጀልባው ባለቤት ተላላኪ አይሁን።

ሦስተኛ፣ ሥልጠናው በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ይሰጥ። ቻናል መምረጥ፣ የጭንቅ ጥሪ ማሰማት፣ የሰሙትን ማቀባበል፣ ዝም ማለት። ይሄ በአንድ ሁለት ቀን የሚያልቅ ነው። እሪታን የሚያውቅ ሕዝብ ይሄን ለመማር አይቸገርም።

አራተኛና ዋናው፣ በየሐይቁ ሌት ተቀን የሚሰማ ሰው ይቀመጥ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከፍታ ላይ የተተከሉ ጥቂት አንቴናዎችና በፈረቃ የሚሠሩ ጥቂት ወጣቶች ይበቁታል። የሚደርስ ፈጣን ጀልባ ደግሞ ከጎናቸው ይቁም። ይሄ ካልተደረገ የቀሩት ሦስቱ ባዶ ናቸው፤ ፈቃዱ የተሰጠው፣ ሥልጠናው የተወሰደው፣ ባትሪው የተሞላው ሰው ሜይዴይ እያለ የሚሰጥምበት ቀን ይመጣል። ያ ደግሞ ካሊፎርኒያን ናት።

ጽሑፉን ከመጨረሴ በፊት ለአጎቴ ስልክ ደውዬ ነገሩን አጫወትኩት። አዳመጠኝ አዳመጠኝና «መልካም ነው እቴ» አለ። «ግና እኛ ያኔ አባይን ስንሻገር ማዶ የሚጠብቀን ሰው ሳናቆም ውሃ አንገባም ነበር። ቆዳው ቢተነፍስ ገመድ የሚወረውር። እሱ ካልቆመ ቆዳው ቢነፋም አንገባ።»

የሕጋችን ጎዶሎ ያ ገመድ ይዞ ማዶ የሚቆመው ሰው ነው።

ቸር ያሰማን!